ሸማኔ የሠራት መኪና

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አባቴ ይሙት ብዬ ልምል ነበር፤ ግን አባቴ በሕይወት አለ፣ ማንበብም ይችላል። ስለዚህ በዚያ ሰርግ ላይ በገዛ እጄ በቆረስሁት ትኩስ ቆጮ እምላለሁ። ለምን በቆጮ እንደማልሁ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት። በዲላ ከተማ ደመላሽ የሚባል ሰው ነበር። ሀብቱ አንዲት የእንግሊዝ መኪና ናት። «እመቤት» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ከተሜው ግን ዳገት ላይ ስትደርስ ታቃስታለችና «እማማ» ይላታል። ያም ሆኖ ሰባት ዓመት ሙሉ ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ የተዳረች ሙሽራ ሁሉ የሄደችው በእመቤት ነው። ሙሽራ ማድረስ ለደመላሽ እንደ ቅስና ነበር። ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ መሪውን በሁለት ጣት ይዞ በገበያው መሐል ሲያልፍ ልጃገረዶች «እኔንም ለጋሼ ደመላሽ መኪና ያብቃኝ» ይላሉ። ልብ በሉ፤ ለባል ያብቃኝ አላሉም፣ ለመኪናው።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጎረቤቱ ባህሩዲን ከአዲስ አበባ ተመለሰ። ባህሩዲን አቡጀዲና ጨው የሚሸጥ የጉራጌ ነጋዴ ነው፤ በዕድሜ ለደመላሽ ታናሽ ወንድም ይሆናል፣ ሰላምታ ያበዛል። የሄደው በአውቶቡስ ነበር። የመጣው በራሱ ቶዮታ ነው! ሰማያዊ፣ ጣሪያዋ ነጭ፣ ጎማዋ እንደ ኮርማ እግር የደነደነ። ደመላሽ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ አየና ምራቁን ዋጠ።

በአገሩ ወግ አዲስ መኪና በግ ሳይታረድላት ሥራ አትጀምርም። ባህሩዲን ደግሞ ጎረቤት ሁሉ እንዲበላ ሁለት በግ ገዛ፤ አንዱ በእስላም ቢላ፣ አንዱ በክርስቲያን ቢላ የሚታረድ። ከዚያ ደመላሽ ደጃፍ ሄዶ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ የክርስቲያኑን በግ አንተ ባርክልኝ። በመኪና ታላቄ ነህ።»

እምቢ ቢል ቀና ይባላል። አረደ። ጣቱን በደሙ ነክሮ ጎማዋን ቀባና ድምፁን ከፍ አድርጎ «እግርሽን ጠጠር አይንካው!» አለ። በሆዱ ያለውን ግን እግዜርና እኔ ነን የምናውቀው፤ «ገደል ይብላሽ» ነው ያለው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ደመላሽን እህል አልበላ አለው። የሁለቱ ግቢ የሚለያየው በአንድ የቀርከሃ አጥር ነው። ጠዋት ባህሩዲን ቁልፉን አንዴ ያዞራል፤ ቶዮታዋ ትነሳለች። አንዴ ብቻ! እመቤት ግን ከፊቷ ብረት ሰክተው ካልዘወሯት አትሰማም። መዘወሩ ካልሠራ ልመና፣ ልመናው ካልሠራ ስድብ። ባለቤቱ አመለወርቅ ከማጀት ሆና ሁለቱን ታዳምጣለች።

«አንተ ሰው፣ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?» አለችው አንድ ቀን። «መኪናዋ ሳትፈላ አንተ ፈላህ። ውሃ ልጨምርብህ?»

ገበያም ቢወጣ እረፍት የለም። ከኮንጋ ቡና ይዞ የወረደ አንድ ገበሬ ሰው ሰብስቦ ስለ ባህሩዲን ቶዮታ ያወራል።

«ፍየል የምትፈራው ዳገት ላይ አስራ ሦስት ኩንታል ቡና ጭና ወጣች! ጫፍ ላይ ስትደርስ ኮፈኗን በእጄ ነካሁት። ከእኔ ግንባር ይቀዘቅዛል!»

«አስራ ሦስት ኩንታል?» አለ ደመላሽ።

«አስራ አራት ነበር። እንዳይደንቅህ ብዬ አንዱን ቀነስሁልህ።»

ደመላሽ ከዚህ በኋላ መፍትሔ ፍለጋ ወደ መምህር ተክለማርያም ሄደ። ተክለማርያም ከአዲስ አበባ የቆየ መጽሔት እያስመጣ የሚያነብ፣ የማያውቀው ነገር ያለ የማይመስለው አስተማሪ ነው።

«እስቲ ንገረኝ፣ እነዚህ ጃፓኖች መኪና መሥራት ከማን ተማሩ?»

«የቶዮታ ቤት የተጀመረው በሽመና ነው፣ ጋሼ» አለ ተክለማርያም መነጽሩን እየጠረገ። «አንድ የአናጢ ልጅ እናቱ ስትሸምን ስትደክም አየና በራሱ የሚሸምን መኪና ፈጠረ። ክር የተበጠሰ እንደሆነ ራሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወደ አውቶሞቢል የዞረው ልጁ ነው። እንዲያውም የሽመናውን ፈጠራ መብት የገዟቸው እንግሊዞች…»

እንግሊዞች የሚለውን የሚሰማ ጠፋ፤ ደመላሽ በር ላይ ደርሷል። ከንግግሩ ሁሉ የያዘው አንዲት ቃል ናት፤ ሽመና። በዚያ ዘመን ሰው ሸማኔው የሠራለትን ሸማ ተከናንቦ ሸማኔውን ይንቅ ነበር። ደመላሽም ይህን ንቀት እንደ ዘር ከረጢት ተሸክሞ ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ ዘራው።

«ሰምታችኋል? የባህሩ መኪና ሸማኔ የሠራት ናት! ዛሬ ትሮጣለች፤ ነገ ክሯ ሲያልቅ ታዩአታላችሁ!»

ወሬው ቅዳሜ ሳይደርስ የዶርዜ ሸማኔዎች ተራ ደረሰ። የሸማኔዎቹ አለቃ ወልዱ የሚባል ሽበታም ሰው ነው። ወሬውን ሲሰማ አልተቆጣም። መወርወሪያውን አስቀመጠና አስራ አንድ ሸማኔ አስከትሎ ባህሩዲን ሱቅ ሄደ። ቶዮታዋን ዞራት። ተንበርክኮ ከሥሯ ገባ፣ ብረቷን በጥፍሩ መታ፣ የበሮቿን መጋጠሚያ እንደ ጥለት ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። ደመላሽ የሚሆነውን ለማየት ከሰው ኋላ ቆሟል፤ መምህር ተክለማርያምም ከሰዉ መሐል ሆኖ ያን የሽመና ታሪክ ይደግማል።

«ድሯ ጥብቅ ነው» አለ ወልዱ ሲነሳ። «ማጓም አልተዝረከረከም። ይህ የእኛ ሰው እጅ ነው።» ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረ። «ክር ሲበጠስ ራሱ ይቆማል አልክ?»

«ራሱ ይቆማል።»

«ስህተቱን ደብቆ አይቀጥልም?»

«አይቀጥልም።»

ሽማግሌው ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «እንግዲያው ሰዎች፣ አትፍሩ፤ ተሳፈሩባት። ሸማኔ የሠራው ጋቢ አያትን አልብሶ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» አለና ባለጥለት ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ የሾፌሩን ወንበር አለበሰው። አስራ አንዱም አጨበጨቡ።

ከዚያ በኋላ ስድቡ ሙገሳ ሆነ። መንገደኛው ሁሉ «የሸማኔዋን ጥሩልኝ፣ እሷ አትበጠስም» ይላል። በይርጋጨፌ መንገድ ላይ ባለችው ወናጎም ሰው «የሸማኔዋ አለፈች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ደመላሽ ዘሩን ራሱ ዘርቶ፣ ራሱ ኮትኩቶ፣ አዝመራው በባህሩዲን ጎተራ ሲገባ ቆሞ አየ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ቅናት ግን የቅናት ዋዜማ ነበር። ደመላሽ አንዲት ልጅ አለችው፣ ጸሐይ ትባላለች። ሰባት ዓመት የሰው ልጅ ሲያደርስ፣ በእያንዳንዷ ቬል ውስጥ የሚያየው የጸሐይን ፊት ነበር። አንድ ቀን እሷን ከኋላ አስቀምጦ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ዲላን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። ለዚህ ቀን ነበር የሚኖረው። አሁን ጸሐይ ለይርጋጨፌ ልጅ ታጨች፤ ሰርጉም ለጥር ተቆረጠ። በወጉ መኪና የሚያመጣው የሙሽራው ወገን ነው። ደመላሽ ግን ስለዚህ አልተጨነቀም፤ ከእሱ ወዲያ ማንን ሊጠሩ?

ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሙሽራው ሽማግሌዎች መጡ። ሁሉም ነገር ተነጋግሮ አለቀ። በመጨረሻ አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

«መኪናውንም ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«የትኛውን?» አለ ደመላሽ ፈገግ ብሎ።

ሽማግሌው መሬት መሬት አየ። «የ… ሸማኔዋን።»

ደመላሽ የገዛ ቃሉ ዞሮ ጥርሱን የመታው መሰለው። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ጸሐይን ጠራት።

«አንቺ ነሽ ያልሻቸው?»

«እኔ አይደለሁም፣ አባዬ። ግን እውነት ልንገርህ? ወናጎ ዳገት ላይ ስንት ሙሽራ ከእመቤት ወርዳ በቬሏ እንደገፋች አንተም ታውቃለህ።»

«ሁለት ብቻ ናቸው!»

«አራት ናቸው፣ አባዬ።»

የሰርጉ ዕለት ደመላሽ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ እመቤትን አጠበ፣ በአበባ ሸለማት፣ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አዙሮ በር ላይ አቆማት። ሰው ሲጠይቀው «ለማንኛውም ነው» ይላል። ሙሽራው በቶዮታዋ መጣ፤ ሚዜዎቹ በር ላይ ተከራክረው፣ ዘፍነው፣ ገቡ። ሰዉ ዳስ ውስጥ መብላት ሲጀምር ደመላሽ በጓሮ በኩል ወደ ማጀት ገባ። የገጠር ዘመዶች ያመጡት ያልተጋገረ ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሁለት ጭብጥ ሙሉ ቆረሰ፣ ኮቱ ውስጥ ሸሸገ፣ ቶዮታዋ ኋላ ሄዶ ተንበረከከ። «የሸማኔ ልጅ፣ እስቲ ይህን ሸምኚ» አለና ጭስ ማውጫዋ ውስጥ በአውራ ጣቱ እስኪጠቀጠቅ ድረስ ከተተ። ሐሳቡ ቀላል ነው። እሷ እምቢ ትላለች፣ ሰው ሁሉ ይደናገጣል፣ ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ እመቤት ይዞራል።

ሙሽሮቹ ወጡ። እልልታው ቀለጠ። ጸሐይ ከኋላ ገባች፣ ባህሩዲን ቁልፉን አዞረ።

ቶዮታዋ «እህ!» አለችና ጸጥ።

የደመላሽ ልብ ለብቻዋ እልል አለች። ባህሩዲን ግራ ገብቶት ወረደና ኮፈኑን ከፍቶ ያይ ጀመር። «ምን ነካት? አንድ ቀን እንዲህ ሆና አታውቅም እኮ!» ደመላሽ ግን አላስቻለውም። ቆጮው በደንብ መያዙን ሊያይ ወደ ኋላዋ ዞረና ተንበረከከ። ይህኔ ባህሩዲን ተመልሶ ቁልፉን ደገመ።

ጧ!

ቆጮው እንደ መድፍ ጥይት ወጣ። ግማሹ ባርኔጣው ላይ፣ ግማሹ ከረባቱ ላይ። ደግሞ በስሎ ነበር! ዳር ዳሩ ቀላ ብሎ፣ መሐሉ እየተነነ። ከኮንጋ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከባርኔጣው ቁራሽ አንስተው ቀመሱና «ጎመን ብቻ ነው የጎደለው» አሉ። ቶዮታዋ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ቀስ ብላ ታንጎራጉራለች።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ደመላሽ ግን ከተንበረከከበት አልተነሳም። ጸሐይ ቬሏን ሰብስባ ወረደች፤ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ፊቱን በመሐረቧ ጠረገችለት።

«አባዬ፣ ይህን ያህል ነበር የፈለግኸው?»

«ሰባት ዓመት የሰው ልጅ አደረስሁ» አለ። «ሁሉንም ሳደርስ ያንቺን ቀን ነበር የምለማመደው።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ባህሩዲን ከመኪናው ወርዶ በወንበሩ ላይ ያለውን የወልዱን ጋቢ አስተካከለ።

«ጋሼ፣ በመኪና ታላቄ ነህ ብዬህ አልነበር? በጉን ያረድህላትም አንተ ነህ። ግባ፣ ልጅህን አድርስ።»

እምቢ ቢል ቀና ይባላል። ገባ። ቆጮ ያለበትን ባርኔጣ ደፍቶ፣ መሪውን በሁለት ጣት ይዞ፣ ዲላን ለሁለት ሰንጥቆ አለፈ። ወናጎ ዳገት ላይ ሲደርስ ከልምዱ ጆሮውን አቁሞ ማቃሰቷን ጠበቀ። አላቃሰተችም። ሙሽራዋም አልወረደችም። ደመላሽ እግሩን ትንሽ ጫን ቢያደርግ ዳገቱ ራሱ ጎንበስ ያለላት መሰለው።

«ደረስን እንዴ?» አለች ጸሐይ ይርጋጨፌ ሲታያት።

«ምን ላድርግ ልጄ» አለ ደመላሽ። «መዘግየት አታውቅም።»

ቅናቱ ታዲያ ለቀቀው? ባሰበት እንጂ። ድሮ የቀናው ሳያውቃት ነበር፤ አሁን አውቋት ቀና። ሲመለስ ቁልፉን ለባህሩዲን እየሰጠ ጣቶቹ አልፈታ አሉት። «መጥፎ አይደለችም» አለ። «ግን ሦስተኛው ማርሽ ላይ ጨክነህባታል። እኔ ብይዛት እንዲህ አላደርጋትም።» በማግስቱ እመቤት ቢዘውሯትም፣ ቢለምኗትም፣ ቢሰድቧትም አልነሳ አለች። አመለወርቅ ምን ሆና ነው ብትለው «ቀንታ ነው፣ አልፈርድባትም» አላት። ከዚያ ወዲያ በዲላ ሙሽራ ስትኖር ባህሩዲን ቁልፉን በአጥሩ ላይ አሳልፎ ይሰጠዋል። ሌላ ሾፌር መሪዋን ይዞ ካየ ግን ደመላሽ ያን ቀን እህል አይቀምስም።

እንግዲህ አንዲት ነገር ልናዘዝ። ሸማኔዎቹም፣ በጎቹም፣ አራቱ ሙሽሮችም እንደ ጻፍሁት ናቸው። ቆጮው ግን በስሎ አልወጣም። ጥሬውን ነው ባርኔጣው ላይ የተለጠፈው፤ ሽማግሌውም አልቀመሱትም፣ እኔም አልቆረስሁትም። መሐላዬ ባልተቆረሰ ቆጮ ላይ እንደቆመ አሁን አያችሁ፤ እናንተም ሳትጠይቁ ያመናችሁኝ በዚያ ቆጮ ነው።