የካሳው ክራንች

ካሳው ወንድሜን አላምረውን የገደለው በአካፋ ነው። የጎርፍ ውሃ ወደ ማሽላቸው ሲጠልፉ በውሃ ተራ ተጣሉና አናቱን ፈለጠው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ። እጁን ሰጠ፤ ታሰረ፤ ሲፈታ ሽማግሌ ላከብኝ። እነ ሸህ ኑሀ አስታረቁን፤ ደም ላልመልስ ማልኩ። አፌ ማለ እንጂ ሆዴ አልማለም። በኋላ ጦርነቱ አንድ እግሩን ሲወስድበት እሰይ አልኩ፤ ምን ያስዋሸኛል።

ባለፈው ገበያ ቀን የተሰበረ ክራንቹን ይዞ፣ ግድግዳ እየተደገፈ ብየዳ ቤቴ መጣ። ቆቦ ውስጥ አሉሚኒየም የምበይድ እኔ ብቻ ባልሆን ደጄን ባልረገጠ ነበር።

«ደሳለኝ ወንድሜ፣ በእግዜር ይዠሃለሁ፣ ይችን በይድልኝ» አለኝ።

ወንድሜ! ደሜ ፈላ።

የክራንቹ ጥቁር ልባስ ተራ ቀለም አይደለም። ፋብሪካ በኤሌክትሪክ አሉሚኒየሙ ላይ ያበቀለው ቆዳ ነው። በግራይንደር ተፍቆ ነጩ ካልወጣ፣ ብየዳው ከላይ ያምራል እንጂ ከሥር አይዝም። ካሳው ይኼን ከየት ያውቃል? ግራይንደሩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። የተጣመመውን በመዶሻ አቅንቼ ልባሱ ላይ በየድኩበት።

«እጅህ ይባረክ!» ብሎኝ እያነከሰ ወደ አስፋልቱ ወጣ።

ከዋጃ በኩል ገልባጭ መኪና እየከነፈ ሲመጣ አየሁ። ያኔ ሐፍረት አንገበገበኝ። በአካፋ ብፈልጠው ወንድ ነኝ፤ ይኼ ግን የመርዘኛ ሥራ ነው። ሮጥኩ።

«ካሳው! ቁም! እንዳትደገፈው!»

መዶሻው እጄ ላይ እንዳለ ረስቼዋለሁ። ካሳው ዞር አለና መዶሻውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምለሃል! ደሳለኝ፣ ምለሃል እኮ!»

ሊያመልጠኝ ሙሉ ክብደቱን ክራንቹ ላይ ጥሎ ወደ መንገዱ ተወረወረ። ክራንቹ እኔ በበየድኩበት ቀጭ አለ። ካሳው በግንባሩ ተደፋ። ሾፌሩ ፍሬን ቢይዝም ጎማው ወገቡ ላይ ወጣ። እርጥብ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ፤ ደሙ ጫማዬን አራሰው።

ገበያተኛው ሁሉ «ቁም» ስለው ሰምቷል። ስለ መዶሻው የጠየቀኝ የለም፤ የብየዳ ሰው መዶሻ ቢይዝ ምን ይገርማል።

በቀብሩ ላይ ሸህ ኑሀ ክንዴን ይዘው «እርቅ ማለት እንዲህ ነው!» እያሉ ለሕዝቡ አሳዩኝ። የካሳው እናት እሜቴ የትናየት፣ ሰው ደግፏቸው መጡና ጉልበቴ ላይ ወደቁ።

«ልጄን ልታድን ሮጥክ አሉኝ። የእኔን ዕድሜ ይስጥህ።»

ቀና አደረግኳቸውና «እግዜር ያጥናዎት» አልኳቸው።