ሁለቴ የተመታች ጭረት

«ይሄ ኮምፒውተር የለየለት የጅቡቲ ልጅ ሆኗል፤ ጫቱ ካልገባ ሥራ አይጀምርም!» አለች ዙለይካ፣ ጅቡቲ ባልባላ ሰፈር ያለው የትራንዚት ቢሮ ባለቤት።

ጀንበሬ ፈገግ አለ። ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጥፎ ያዳምጥ ነበር። ከጀርባው ሹፌሩ ሽብሩ አንዴ ይቀመጣል፣ አንዴ ይነሳል። የተጫነው መኪናው ደጅ ቆሟል። ሎግያ ያለችው ልጁ ቅዳሜ ማለዳ የበኩር ልጇን ክርስትና ታስነሳለች። የጭነት ሰነዱ ታትሞ ማዶ ባለው የጉምሩክ መስኮት ማህተም ካልተመታበት ደግሞ ንቅንቅ የለም። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ መስኮቱ እኩለ ቀን ላይ ከተዘጋ፣ ነገ ጁምዓ ስለሆነ፣ እስከ ቅዳሜ አይከፈትም።

«ጋሽ ጀንበሬ፣ አያት በሌለበት ስም ሊያወጡለት ነው እኮ!»

«ቄሳችሁ ያወጣለት የለ? አንተን ማን ይጠይቅሃል!» አለች ዙለይካ።

የሰነዱን ፕሮግራም የጻፈው ጀንበሬ ራሱ ነው። ድሬዳዋ ሳለ የአማርኛ ታይፕ ጸሐፊ ነበር፤ ኮምፒውተርን እየነካካ ብቻውን ለመደው። ፕሮግራሙን ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሠራው። ያ ማሽን በባሕሩ ጨው ተበልቶ ሲሞት፣ ዊንዶውስ ባለው በአዲሱ ላይ ሲግዊንን ጫነ። ሲግዊን ለሊኑክስ የተጻፈውን ዊንዶውስ ውስጥ እንደ አስተርጓሚ ሆኖ ያሠራል። መሥራቱንስ ይሠራል፤ ፋይል ፈልግ ሲባል ግን ያንቀላፋል። ዙለይካ «ዲስኩ ነው፣ ይቀየር» ብላለች። ዲስክ መቀየር ደግሞ ቀኑን ይበላዋል።

«ዲስኩ አይደለም» አለ ጀንበሬ ቀና ብሎ። «እየሠራ ቢሆን ይንጫጫ ነበር። እሱ ጭጭ ብሏል። የሚመልስለት ሰው እየጠበቀ ነው።»

«ማንን?» አለች ዙለይካ።

«እሱን ነው ያልሰማሁት።»

በልቡ «አንተ ግለጥልኝ» አለና የኔትወርኩን ገመድ ነቀለ። ዲስኩ ወዲያው መንጫጫት ጀመረ! ሽብሩ ዘሎ ተነሳ።

«በቃ፣ እንደተነቀለ ይቅር!»

«ሰነዱ ማተሚያው ጋ የሚደርሰውስ በምን ሆነና? በዚሁ ገመድ እኮ ነው።»

ገመዱን መልሶ ሰካና ፕሮግራሙን ከፈተ። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መስመር በመስመር አነበበ። የዕለቱ ሰነዶች በሚቀመጡበት አድራሻ ፊት ዘንበል ያለችው ጭረት ሁለቴ ተመታለች። እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ምን አገኘህ?» አለች ዙለይካ።

«ጣቴን! በታይፕ ጊዜ አራት ነጥብ ለመጻፍ ሁለት ነጥብን ሁለቴ መምታት ነበር። ጭረቷንም እንደዚያው መታኋታ! ሊኑክስ ሁለቷን እንደ አንድ ቆጥሮ ያልፋል። ሲግዊን ግን ፊት ለፊት ሁለት ጭረት ሲያይ በኔትወርኩ ላይ ያለ ጎረቤት ጥራ የተባለ ይመስለዋል። ለእያንዳንዷ ፋይል የሌለ ሰው ደጅ ያንኳኳል፣ ይጠብቃል፣ ተስፋ ሲቆርጥ እዚሁ ዲስክ ላይ ካለው ጠቅላላ ማኅደር ቅጂዋን ያመጣል።»

«ወላሂ፣ የሌለ ሰው ደጅ!» ዙለይካ ጠረጴዛውን መታች። «እኔ ደግሞ ምስኪኑን ዲስክ ላስጥለው!»

ጀንበሬ አንዷን ጭረት አጠፋና በስመ አብ ብሎ አስጀመረው። ዲስኩ ቆርቆሮ ላይ እንደወረደ ዝናብ ተንጫጫ። ማተሚያው ወረቀቱን ይተፋው ጀመር። ሽብሩ ከማተሚያው አፍ እየነጠቀ ሰበሰበና ማዶ ሮጠ፤ ማህተሙን አስመትቶ ዞር ከማለቱ መስኮቱ ተዘጋ።

ጋቢናው ላይ ወጥቶ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ጋሽ ጀንበሬ! ጥሩምባውን አንዴ ልንፋው ሁለቴ?»

«አንዴ! አደራህን አንዴ ብቻ!»

ሽብሩ ሁለቴ ነፋውና ወደ ሎግያ ተፈተለከ።