ማሽላው ውስጥ የሚያልቅ ሐዲድ

ባቡር ገብቶበት የማያውቅ የባቡር ጋራዥ የት አለ ብትሉኝ፣ ወልድያ አጠገብ፣ ሐራ እላችኋለሁ። ከቤታችን ጓሮ ብዙም አይርቅም። ጣሪያው የትየለሌ ነው፤ በሩ ግመል በግመል ላይ ቢቆም አይነካውም። ውስጡ ግን ያለው እርግብና የሂሻም የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ነው። ሂሻም ዘበኛው ነው። ምን እንደሚጠብቅ እሱም አያውቅም። ሐዲዱ ከጋራዡ ይወጣል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ የሰው ማሽላ ጋ ሲደርስ ቁርጥ ይላል። የቀረው ይነጠፋል ተብሎ ስንት ክረምት አለፈ።

አያቴ "ጋራዥ" ስንል ይቆጣሉ።

"ጋራዥ የመኪና ነው። ይሄ ዴፖ ነው።"

አባባ ሙሄዲን ጉልበታቸውን የጨረሱት ድሬዳዋ ዴፖ ውስጥ ነው፤ የድሮው የጅቡቲ መስመር ሳይዘጋ። መስመሩ ሲዘጋ ባቡሮቹ ዴፖው ውስጥ እንደቆሙ ዛጉ፣ አባባም አንድ ሰማያዊ ቱታና የማይለቅ ሳል ይዘው አገራቸው ገቡ። ድሬ የቀራቸው ሰው ጋሽ ንጉሴ ብቻ ናቸው። ባቡር ነጂ ነበሩ። እሳቸው ይነዳሉ፣ አባባ መሬት ቆመው ያስገባሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲያ ነው የኖሩት።

ጋሽ ንጉሴ ጁምዓ በመጣ ቁጥር በእናቴ ስልክ ይደውሉ ነበር።

"አንተ እስላም፣ እስካሁን አልሞትክም?"

"አንተን ሳልቀብር ወዴት እሄዳለሁ፣ አንተ ክርስቲያን!"

ከዚያ ሁለቱም ሳላቸው እስኪነሳ ይስቃሉ። በመሃል ስልኩን እኔ ከነጠቅኩ ደግሞ፣ "ያቺ ምላሳም ናት?" ይላሉ ጋሽ ንጉሴ።

አንድ ጁምዓ ስልኩ ጠራ። የደወለችው ግን የጋሽ ንጉሴ ልጅ ናት። እናቴ ሀጂራ ስልኩን እንደያዘች ጓዳ ገብታ ቁጭ አለች። ጋሽ ንጉሴ አርፈው ተቀብረዋል።

እንግዲህ መርዶ እንደ ገበያ ወሬ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ ሰውየው ግራና ቀኝ ተደግፎ ነው የሚሰማው። የአባባ ልብ ደግሞ ደካማ ነው፤ ወልድያ ያየቻቸው ሐኪም "እንዳታስደነግጧቸው" ብላናለች። እናቴ የጎረቤታችንን የሸህ አብዱልጀሊልን ምክር ጠየቀች። እሳቸውም ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣

"አረፋ ደርሷል። በዓሉን በሰላም ይዋሉት። ከአረፋ በኋላ በወጉ እንነግራቸዋለን" አሉ።

ሁሉም አሚን አለ። እስከዚያ ድረስ አንዱ ሰው አፉን እንዳያመልጠው፣ አባባን እየተከተለ ወሬ የሚጠብቅ ተፈለገ። ማን ቢመረጥ ጥሩ ነው? እኔ ሉብና! አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩት አስተማሪውን መልስ አሳጥቼው ነው እላለሁ፤ እናቴ ግን ሻይ ቤቷ ሰው ስላጣ ነው ትላለች። ብቻ ምስጢር ጠባቂ ሆንኩ። እናቴ ጆሮዬን ይዛ፣

"አንቺ፣ ይቺ አፍሽ ካመለጠችሽ በመርፌ ነው የምሰፋት!"

"በምን ቀለም ክር?"

"በጥቁር!"

ጁምዓ መጣ። አባባ ስልኩ አጠገብ ተቀምጠው ዋሉ።

"ንጉሴ አልደወለም?"

"ኔትወርክ የለም አባባ።"

ሐራ ላይ ኔትወርክ የለም ሲባል የሚጠራጠር ሰው የለም። አባባም አልተጠራጠሩም። ፈገግ ብለው፣

"ይሁን፣ ራሱ እየመጣ ነው" አሉ። "ሐራ የመጀመሪያውን ባቡር ይዤ የምገባው እኔ ነኝ ብሎኝ የለ። ቃሉን አይበላም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባባ በየቀትሩ ዴፖው መሄድ ጀመሩ። ቀትር ደግሞ የጂን ሰዓት ነው። በቀትር ሕፃን እንኳ ብቻውን ደጅ አይለቀቅም።

መጀመሪያ የሄድን ዕለት ሂሻም ወንበሩ ላይ እያንኮራፋ ነበር። ከሐዲዱ ስር፣ ሰው ገብቶ የባቡሩን ሆድ የሚያይበት ረጅም ጉድጓድ አለ። የክረምት ውሃ ሞልቶታል። አባባ ጣሳ ይዘው መቅዳት ጀመሩ።

"ምን ያደርግልዎታል አባባ?"

"ጉድጓዱ ሳይጠራ አይገባማ። ባቡር እንደ ፍየል ዝም ብሎ ቤት አይገባም። ነጂው ደጅ ይቆምና ሁለት አጭር ያስጮሃል፣ ልግባ ማለቱ ነው። መሬት ላይ የቆመው ሰው እጁን አንስቶ 'ግባ!' ካላለው ግን ውሎ ያድራታል እንጂ አይገባም።"

"ሲሄድስ?"

"አንድ ረጅም ያስጮሃል።"

"ሽንት ቤት እንደሚያንኳኳ ሰው በሉኛ።"

"ኧረ አንቺ ልጅ፣ አፍሽ!" አሉ እየሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው በአንዴ ቆመ። ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

"ሰማሽ?"

እኔ ምንም አልሰማሁም። ብቻ ጣሪያው ላይ ሲያጉረመርሙ የነበሩት እርግቦች ሁሉም አንድ ላይ ጸጥ አሉ። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ውሃ ማንም ሳይነካው ተንቀጠቀጠ።

"ገና ውርጌሳ ነው" አሉ አባባ።

"ውርጌሳ ሐዲድ የለም እኮ አባባ!"

"ላንቺ የለም" አሉና ወደ ጣሳቸው ተመለሱ።

በሌላው ቀን "መርሳን አልፏል" አሉ። በዚያኛው ቀን ደግሞ የታመመ ልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው እጃቸውን ሐዲዱ ላይ አሳረፉ። እኔም ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር። ግን ይንቀጠቀጣል። እርግቦቹ በዚያው ቀን ጥለው ጠፉ።

ይሄን ሁሉ ብችለው እችለው ነበር። የሚያስፈራው ሌላው ነው። አባባ እህል መቅመስ ተዉ። ጎረቤቱን በየበሩ እየዞሩ "አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" ይሉ ጀመር። አፉ በሉኝ የሚለው ደግሞ ወይ ሐጅ የሚሄድ ነው፣ ወይ የሚሞት። ለሐጅ የሚሆን ነገር ቤታችን እንደሌለ ፍየላችንም ታውቃለች።

"ወዴት ሊሄዱ ነው አባባ?" አልኳቸው።

"ወደ ድሬ። ንጉሴን አስገባዋለሁ፣ ያርፋል፣ ሲወጣ አብሬው እወጣለሁ። ከጎኑ ቦታ ይዞልኛል።"

"ማን ነገረዎት?"

"እሱ ነዋ! ሌላ ማን ይነግረኛል?"

ወደ ሸህ አብዱልጀሊል ቤት በሩጫ ሄድኩ። ከሰላት ተመልሰው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"ሸሁ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ መርዶው ዛሬ ይነገር። አባባ ሳያውቁ እየሄዱ ነው።"

"ነገ ዋዜማ፣ ከነገ ወዲያ አረፋ። በበዓል ለሰው መርዶ አይነገርም ብለናል። አብሽሪ ልጄ።"

"ጋሽ ንጉሴ አረፋ መሆኑን ያውቃሉ? ማሽላው ጋ ሊደርሱ ነው እኮ! ማን ነው 'ከበዓሉ በኋላ ይምጡ' የሚላቸው?"

"አስተግፊሩላህ! ይቺ ልጅ!" ከዘራቸውን ሲያነሱ እኔ አጥሩን ዘልዬ ነበር። እናቴም ብነግራት አለቀሰች እንጂ፣ ሸሁ ያሉትን ማለፍ አልደፈረችም።

የአረፋ ዋዜማ አባባ ጾመው፣ የታጠበ ቱታቸውን ለብሰው ወጡ። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር ቀትር ላይ ፀሐይ ስትከፈት መሬቱ መትነን ጀመረ። ሂሻም አንገቱን ጥሎ ተኝቷል። ጉድጓዱ ጠርቷል። አባባ ትልቁ በር ላይ፣ ከሐዲዱ ጎን ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

ያኔ እኔም ሰማሁት። ሁለት አጭር።

ከሩቅ አይደለም። እዚያው፣ ማሽላው ውስጥ።

ማሽላው ሰው ይደብቃል። ንፋስ የሚባል ነገር የለም። ሐዲዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ግን አገዳው ግራና ቀኝ ተኝቷል፣ መሃሉ ላይ ሰፊ ነገር እንደቆመበት። የቆመውን ነገር አላየሁም። የተኛውን አገዳ ብቻ ነው ያየሁት። የናፍጣ ሽታ ያለው ሙቅ አየር ፊቴን ገረፈኝ፣ መሬቱም ሞተሩ ያልጠፋ መኪና ላይ የቆምኩ ያህል ከጫማዬ ስር ይርገበገባል።

አባባ እጃቸውን አነሱ። ፊታቸው የሙሽራ ፊት ሆኗል። አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ።

"አባባ! ጋሽ ንጉሴ ሞተዋል!"

እንዲህ ነው የነገርኳቸው። ሽማግሌ የለ፣ ጎህ የለ፣ የሚደግፍ የለ። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ እንደ ሌባ ጩኸት። መናገሬን እንኳ ያወቅኩት ድምፄ ከጣሪያው ተመልሶ ሲመጣ ነው።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሮጬ ከወገባቸው አቀፍኳቸው። ልባቸው በጀርባቸው በኩል ደረቴን ይመታኛል። መታ፣ መታ፣ ከዚያ ቆመ። አላህ ያውቃል ስንት ዘመን እንደቆመ። ከዚያ ደግሞ መታ።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ በቀስታ። "መቼ?"

"ኔትወርክ የለም ያልኩዎት ጊዜ።"

"ተቀበረ?"

"ተቀብረዋል አባባ።"

ማሽላው ውስጥ እንደገና ሁለት አጭር ጮኸ። አባባ ሐዲዱ ላይ ቁጭ አሉ።

"ይሄ ምስኪን" አሉ። "ይሄ ምስኪን። አልነገሩትማ።"

"ለማን?"

"ለንጉሴ! ነግረውት ቢሆን ይመጣ ነበር? ለኔም አልተነገረኝ፣ ለሱም አልተነገረው። እኔ 'ግባ' እስክለው ደጅ ቆሞ ሊቀር ነው።" ለመጣራት ሞከሩ፤ ግን ስሙ ጉሮሯቸው ላይ በለቅሶ ታነቀ። "አልችልም። ለቀስተኛ መርዶ ነጋሪ አይሆንም። ሉብናዬ፣ የጀመርሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ጨርሺው። ግን ለኔ እንደነገርሽኝ አይደለም። በወጉ።"

ወግ! እኔ ከመቼ ወዲህ ነው ወግ የማውቀው?

ሐዲዱን ይዤ ሄድኩ። እግሬ የሌላ ሰው እግር መስሎኛል። ሐዲዱ ያለቀበት ጋ ስደርስ ሻሼን አስተካከልኩ። ሙቀቱ በጣም ቅርብ ነው፤ እጄን ብዘረጋ የምነካው ነገር ነበር። አልዘረጋሁም።

"ጋሽ ንጉሴ፣ እንዴት ዋሉ" አልኩ። "ሉብና ነኝ፣ የሀጂራ ልጅ። ያቺ ምላሳም። ድሬ ሁሉም ደህና ነው። ልጅዎ ደህና ናት። የልጅ ልጆችዎ ደህና ናቸው። አባባም ደህና ናቸው፣ ያውልዎት፣ ተቀምጠዋል።" የሻሼን ጫፍ ያዝኩ። "እርስዎ ነዎት ያልተረፉት። አርፈዋል ጋሽ ንጉሴ። እግዜር ነፍስዎን ይማር። ልጅዎ አልቅሳ ቀብራዎታለች። እዚህ የሚያስገባዎት ሰው የለም፤ ሌላ ቦታ እጁን አንስቶ የሚጠብቅዎ አለ። አባባን ግን ይተዉልን። ጊዜያቸው ሲደርስ ራሳቸው ይመጣሉ። አብሽሩ።"

ከጫማዬ ስር ያለው ብቻ ይርገበገባል።

ከዚያ አንድ ረጅም ጮኸ።

እስከዛሬ ድረስ እንደዚያ ያለ ድምፅ አልሰማሁም። መጨረሻ ያለው አይመስልም ነበር። እየራቀ፣ እየቀጠነ ወደ መርሳ በኩል ሄደ፣ እሱን ተከትሎም የተኛው አገዳ አንድ በአንድ ቀና አለ። የመጨረሻው ቀና ሲል አንዲት እርግብ በአናቴ አልፋ ዴፖው ውስጥ ገባች።

ስመለስ ሂሻም ነቅቷል፤ ከአባባ አጠገብ ቆሞ ዓይኑን ያሻል።

"አንቺ፣ ማነው እንዲያ እየጮኸ የሚያለቅሰው?"

"አባባ ናቸዋ። ጓደኛቸው ሞተው ነው።"

"እሳቸውማ ይኸው ድምፃቸው ተዘግቶ። ማሽላው ውስጥ ነው ያልኩሽ።"

"አንተ ተኛ" አልኩት።

አባባ በዚያው ቀን ማታ ከእናቴ ጋር አፈጠሩ። ሾርባውን ሁለቴ አስጨመሩ። የቀትሩን ነገር ለእናቴ አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም።

አረፋ መጣ፣ ታረደ፣ ተበላ፣ አለፈ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ሸህ አብዱልጀሊል ሽማግሌዎቹን አስከትለው ገቡ። አባባን ግራና ቀኝ ያዟቸው፤ ስለ ዝናቡ ተጠየቀ፣ ስለ ከብቱ ተጠየቀ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ከዚያ ነው ነገሩ የመጣው። አባባ ጮኸው አለቀሱ። ማስመሰል እንዳይመስላችሁ፣ የእውነት ነው። ያን ቀን ሐዲዱ ላይ ጉሮሯቸው ውስጥ የቀረው ለቅሶ አሁን ነው የወጣው። እናቴ እጇን ልቧ ላይ አድርጋ የሳቸውን ልብ ትጠብቃለች። ልባቸው ምንም አልሆነም።

ሸሁ ላባቸውን ጠርገው ወደ እናቴ ዞሩ።

"አየሽ ሀጂራ? ወጉን ጠብቆ ሲነገር ልብ ይችለዋል። ያቺ ልጅሽ ግን በበዓል መዳረሻ ልታስነግረኝ ነበር።"

አፌን ከፈትኩ። በሽማግሌዎቹ ትከሻ መሃል አባባ በእንባቸው ውስጥ አዩኝ።

እናቴ ጥቁር ክሯን ሳታባክን፣ ራሴው ዘጋሁት።