ግንበኛው በከበባ መሀል የናዱት ግንብ

ፀጉር አስተካካዩን የጠየቀ ሰው የሚሰማው ይሄን ነው፦ "ሰውዬው የገዛ ግንባቸውን በገዛ እጃቸው ናዱት። ጠላት መሰላል እያቆመ፣ እሳቸው የማፍረሻዋን መዶሻ ጠቅ አደረጓት፤ የሰሜኑ ማዕዘን ዱቄት ሆነ። ከኋላቸው ቆሜ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው።"

ፋርማሲስቱ ይሄን ሲሰማ ይቆጣል። "ምን ናዱት ትላለህ? ወጥመድ ነው እንጂ! ሆን ብለው ከፈቱልኝ፤ እኔም ጅሉ ሁለት መቶ ወታደር ይዤ ዘው አልኩ። ወሬ ነጋሪ እንኳ አልተረፈኝም።"

አጥቂው ፋርማሲስቱ ራሱ ስለነበር ቃሉ ይመዝናል፤ ሽንፈቱን ደረቱን ነፍቶ የሚያወራ ሰው ብዙ አይገኝም። ፀጉር አስተካካዩም ዋሾ አይደለም። ሰፈሩ "ምላጭ" ያለው ምላሱ ስለሚቆርጥ እንጂ ስለሚቀጥፍ አይደለም።

በሁለቱ መካከል መፍረድ የኮምፒውተር ጠጋኟ ፋንታ ሆነ። ሱቁ የእሷ ነው፤ ከፊት የተበታተኑ ላፕቶፖችና የብሎን ቆርቆሮዎች፣ ከመጋረጃው ኋላ አራት ኮምፒውተሮች። ጎረቤቶቿ ከሥራ ሲወጡ እዚያ ተቀምጠው ግንብ ይጠብቃሉ። ጨዋታው ቀላል ይመስላል፦ ግንብ ትሠራለህ፣ ጠላት ይከብብሃል፣ አርባ ደቂቃ ባንዲራህን ካላስነጠቅክ አሸነፍክ። ቅዳሜ ከመንገዱ ማዶ ካሉት ፎቶ አንሺዎች ጋር ዓመታዊው ውድድር አለ። አንድ ሰው ግንቡ ላይ ይቀመጣል፣ አንድ ሰው ከኋላ በሌላ ኮምፒውተር ድንጋይና እንጨት ያቀብላል። የሁለቱ ስም የሚላከው ዛሬ ነው።

ሁለት ዓመት ግንቡ ላይ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። ሁለቱንም ጊዜ ተሸንፋለች፤ አምና በሠላሳ ስድስተኛው ደቂቃ። ዓመቱን ሙሉ ስትለማመድ የከረመችው ያችን አራት ደቂቃ ለመሙላት ነው። ግንበኛው አጎቷ ባይመጡ ኖሮ ማን ይቀመጥ ተብሎ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

አጎቷ የወገብ ሕመም ከግንባታ መወጣጫ ካወረዳቸው ወዲህ ቤት መዋል ስላልሆነላቸው ሱቋ ይውላሉ። አንድ ቀን በትከሻዋ አሻግረው ስክሪኗን አዩና፣ "ይሄ ማዕዘን ክረምት አይሻገርም" አሏት።

"አጎቴ፣ ጌም እኮ ነው። ክረምት የለውም።"

"ክረምት ባይኖረው ጠላት አለው አላልሽም?"

እንዲህ ተጀመረ። ሌላው ሰው ማውሱን ይዞ ቅጥሩን በአንድ ትንፋሽ ከዳር እዳር ይስበዋል። እሳቸው አንድ በአንድ ነው የሚደረድሩት፤ የላይኛው ድንጋይ የታችኞቹን ሁለት እንዲረግጥ እያደረጉ። ከረጅሙ ቅጥር ኋላ አጭር ቅጥር፣ በሁለቱ መሀል ሠራተኛ የሚሄድበት መተላለፊያ። ሲያቻኩሏቸው፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላሉ። መጀመሪያ ሳቁባቸው። በኋላ ግን ምላጭ ሳይቀር ደንበኛውን ግማሽ ጺም ላጭቶ እየተወ ሊያያቸው ይመጣ ጀመር።

ጠጋኟ ሁለቱ የሚከራከሩበትን የልምምድ ጨዋታ ቅጂ ከፈተች። ሁለቱ ተከራካሪዎች ግራና ቀኝ ቆሙ፤ አጎቷ ከመጋረጃው አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ማውሱ የሰሜኑን ማዕዘን ዞረው። ሄደ። ተመለሰ። ከዚያ መዶሻው ወረደና ቅጥሩ ፈረሰ።

"አላልኩም!" አለ ምላጭ።

"ወጥመድ ነው በሉት፣ ጋሼ!" አለ ፋርማሲስቱ።

"አጎቴ፣ ለምን አፈረሱት?"

አዎ ወጥመድ ነው ቢሉ የሚጠራጠራቸው አልነበረም። ግንበኛው ጉልበታቸውን አሹ።

"ወጥመድስ አልነበረም። ማዕዘኑ አልተሳሰረም፤ የሦስት ድንጋይ መገጣጠሚያ በአንድ መስመር ወርዷል። ልቤ አላርፍ አለኝ። አፍርሼ ላቆመው ነበር።"

"ጠላት ደጅ ቆሞ?"

"ረሳሁት።"

"ሁለት መቶ ሰው ረሱ!" ምላጭ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። "ጋሼ፣ እኔ አንድ ደንበኛ ብረሳ ሰፈሩ አይምረኝም!"

"ሳቅ፣ ልጄ፣ ሳቅ። እኔ ግን ጠማማ ግንብ ትቼ ቤቴ ገብቼ አላውቅም።"

ጠጋኟ አልሳቀችም። ቅጂው አልቆመም ነበር፤ ወታደሮቹ በተከፈተው አፍ እየጎረፉ ነው። እሷ ብትሆን ቀዳዳውን ልትደፍን ትሮጥ ነበር፤ አምናም ያደረገችው ይሄንኑ ነው፣ የወደቀችውም እዚያው። የአጎቷ እጅ ግን ቀዳዳውን ዞር ብሎም አላየውም። በጨዋታው ሕግ የፈረሰ ቅጥር ግማሹን ድንጋይ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ በዚያ ድንጋይ መጀመሪያ የመተላለፊያውን የቀኝ ጫፍ ዘጉት፣ ቀጥሎ ወደ ባንዲራው የሚወስደውን ደረጃ። ለጠላት የቀረው በአጭሩ ቅጥር ሥር የሚያልፈው ጠባቡ መንገድ ብቻ ሆነ። ቀስተኞቹን እዚያ አናት ላይ ደረደሩ። የፊተኛው ወታደር ልመለስ ሲል የኋለኛው ይገፋዋል። ሁሉም ነገር ሃምሳ ሰከንድ አልሞላም፤ አንድ ድንጋይ እንኳ ተጣሞ አልተቀመጠም።

"ይሄን ማን አስተማረዎት?" አለች ቀስ ብላ።

"ግድብ ሲደረመስ ውሃው እየመጣ አፉን አትደፍኚም፤ ይዞሽ ይሄዳል። የሚሄድበትን ትቀይሪለታለሽ።"

ፋርማሲስቱ ቅጂውን ወደኋላ መለሰና የገዛ ወታደሮቹ ሲያልቁ በደስታ ተመለከተ። "ወጥመድ ቢሆን እኮ አስበውበት ነው እንላለን" አለ። "ይሄ ይብሳል! ሳያስቡበት ነው የፈጁኝ!"

ምላጭ ሳቁን ጨረሰ። "እሺ፣ እጅ ነስቻለሁ። ግን ቅዳሜ ሌላ ጠማማ ድንጋይ ቢያዩስ? ደግሞ ሊንዱት ነው?"

"እውነቱን ነው" አሉ ግንበኛው። "አልዋሽሽም፣ ልጄ፤ ካየሁ እጄን ማመን አልችልም። ዓመቱን ሙሉ የለፋሽበት ነው፤ አንቺው ተቀመጪበት። እኔ ድንጋይ ላቀብል።"

ከልባቸው ነበር። እሷም ይሄን ቃል ከጠዋት ጀምሮ በልቧ ስትመኘው እንደነበረ አልጠፋትም፤ አሁን በእጇ ሲገባ ግን ከበዳት። ቅጂውን በማውሱ ስባ አርባኛው ደቂቃ ላይ አቆመችው። ባንዲራው እንደቆመ ነው። የሰሜኑ ማዕዘን በከበባው መሀል ተመልሶ ተሠርቷል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ የታችኞቹን ሁለት ረግጧል። ይሄን መቼ እንደሠሩት ከሦስቱ አንዳቸውም ልብ አላሉም ነበር።

ስልኳን አንስታ ውድድሩን ለሚያስተባብረው የመጻሕፍት መሸጫ ባለቤት ደወለች።

"ስም ልታስመዘግቢ ነው?" አላት።

"አዎ፣ ጻፍ" አለች፣ አጎቷን እያየች። "ግንቡ ላይ የሚቀመጡት አጎቴ ናቸው። ድንጋይ የማቀብለው እኔ ነኝ።"