የሾፌሩ ችግኝ

ኩርፊያው ስድስተኛ ቀኑን ያዘ። ነርሷ ምላለች፤ «አጥፍቻለሁ» የምትለዋን አንዲት ቃል ከባሏ አፍ ሳትሰማ ላታናግረው። ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ ይህቺ ቃል አንድም ቀን ከአፉ ወጥታ አታውቅም። አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። መንገድ ሲስት እንኳ «መንገዱ ነው የተጠማዘዘው» ይላል እንጂ ተሳሳትኩ ማለት የለም። ሁለቱም ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ እሱን ሾፌሩ፣ እሷን ነርሷ እያለ ነው የሚጠራቸው።

ጠቡን ያመጡት ጫጩቶች ናቸው። ጸደይ ገብቶ ጓሮው አረንጓዴ ሲለብስ የሾፌሩ ቀይ ዶሮ ዘጠኝ ጫጩት ፈለፈለች። ሰውየውማ አበደላችሁ! ለዶሮ ቤቱ ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ በር ገጥሞለታል፤ «ሳይቆም አይውረዱ» የሚለው ጽሑፍ ዛሬም አልለቀቀም። ጫጩቶቹን «ተሳፋሪዎቼ» ይላቸዋል። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ «ደህና አደራችሁ? ሁላችሁም አላችሁ?» ሲላቸው ላየው ሰው ሥራ የተመለሰ ነው የሚመስለው።

ታዲያ ባለፈው እሑድ «ፀሐይ ይሙቁ» ብሎ በሩን ከፈተና፣ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ እዚያው እንቅልፍ ይዞት እብስ አለ። ተሳፋሪዎቹ ከነእናታቸው ወርደው በቀጥታ ወደ ነርሷ መደብ። ቆስጣው፣ ሰላጣው፣ ካሮቱ፣ ከዘር ጀምራ በሻይ ብርጭቆ እያጠጣች ያሳደገችው ችግኝ ሁሉ ተጭሮ ተበተነ። እንደ ልጅ ነበር የያዘችው፤ ስታየው እንባዋ መጣ።

«በሩን ማን ከፈተው?» አለች፣ ደም ሥሯ ተገትሮ።

«በሩ ራሱ ላልቷል መሰለኝ» አለ ሾፌሩ፣ ዓይኑን እያሸ።

በቃ! ነርሷ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አፏን ለጎመች። እሱም ከማን አንሶ፣ ለጎመ።

አንድ ቤት እየኖሩ ጭራሽ አለመነጋገር ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ድመቷ ሥራ አገኘች። ስሟ ረዳት ነው። በር ላይ ቆማ ገቢና ወጪውን ስለምትቆጣጠር ያንን ስም ያወጣላት ሾፌሩ ነው።

«ረዳት፣ ጨው አቀብይኝ ይላል ብለሽ ንገሪያት» ይላል ሾፌሩ ምሳ ላይ፣ ድመቷን እያየ።

«ረዳት፣ እጅ የለህም ወይ ብላሃለች በይልኝ» ትላለች ነርሷ።

ረዳት አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ታይና ታዛጋለች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ነርሷ በልቧ ስትስቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሳቁ አለቀ። ይሄ ሰው ዝናብ ሲመጣ፣ ጎረቤት ሲያልፍ፣ ዶሮ ስታስነጥስ ሳይቀር የሚያወራ ሰው ነበር፤ «ኧረ እባክህ ጆሮዬን አሳርፈው» ስትለው ኖራለች። አሁን ጆሮዋ አርፏል፤ ግን ምን ዋጋ አለው? አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ሰው ይናፍቃል? ይናፍቃል እንጂ! ናፈቃት። የማለችውን ማፍረስ ደግሞ ሞቷ ነው። እሱ ያቺን ቃል ካልተነፈሰ እንዲህ ሆነው ሊያረጁ ነው እንዴ?

ዓርብ ከሰዓት ንዴቷን አጥሩ ሥር በበቀለው አረም ላይ ተወጣችው። ከነሥሩ እየነቀለች ጆንያ ላይ ከመረችና፣ ነገ እጥለዋለሁ ብላ ባዶው መደብ አጠገብ ትታው ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ስትነቃ ሾፌሩ አጠገቧ የለም። ከጓሮ የውሃ ድምፅ ሰማች። የወጥ ቤቱን መስኮት ከፈት አድርጋ ብታይ ዓይኗን ማመን አቃታት።

ሾፌሩ ጭቃው ላይ ተንበርክኳል። ከመደቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሯል። የዶሮ ቤቱን በር እንዳይከፈት በራሱ ቀበቶ ጠፍሮ ስላሰረው፣ በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ በሌላው ይተክላል። አንዱን ከጆንያው ያነሳል፣ በስንዝር ይለካል፣ ይተክላል፣ አፈሩን በአውራ ጣቱ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል።

«ረዳት» ይላታል አጠገቡ ለተቀመጠችው ድመት፣ «ይቺ ቆስጣ መሆን አለባት። ያቺ ደግሞ ካሮት ሳትሆን አትቀርም። ይጸድቁ ይሆን? እንግዲህ አንድዬ ያውቃል።»

ወይ ጉድ! አረሙን ነው! የተረፉ ችግኞች መስለውት፣ አንድ በአንድ፣ ቀጥ ባለ መስመር አረም ሲተክልላት ነው ያነጋው። ነርሷ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በመዳፏ ያዘች። ወዲያው ደግሞ ያ ጭቃ የነካው ጉልበቱ ታያትና አንጀቷን በላት። ጉልበቱን እንደሚያመው ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

መሐላውን ረሳችው። በነጠላ ጫማዋ ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ጉልበትህ ምን ሆነህ ነው?»

ሾፌሩ ደንግጦ ቀና አለ። «ለእኔ ነው ወይስ ለረዳት?»

«ለአንተ!»

ሱሪውን እንደያዘ ተነሳ። ድመቷን አየ፣ መደቡን አየ፣ መጨረሻ ላይ እሷን አየ።

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «አጥፍቻለሁ።»

ነርሷ የምትይዝ የምትጨብጠው ጠፋት። ሠላሳ አራት ዓመት!

«ታዲያ እንዴት ነው?» አለ ሾፌሩ፣ እንደ ልጅ ፊቷን እያጠና። «አበላሸሁት እንዴ?»

እስቲ ይህን ቃል ሰምታ አረም ነው ትበለው?

«ቀጥ ያለ መስመር!» አለች። «እኔ እንዲህ ተክዬ አላውቅም።»

የስድስት ቀን ወሬው በዚያው ቅጽበት ገነፈለ። ቡናማው ጫጩት ክንፍ ማውጣቱን፣ ቀይዋ ዶሮ ማኩረፏን፣ ሌሊት የዘነበውን ሁሉ ትንፋሽ ሳይወስድ ነገራት። እሷም ቀበቶውን ፈትታ ሰጠችውና በሩን በሽቦ አሰሩት። ጆሮዋ ደነቆረ፤ ደስ አላት።

አረም መቼም አረም ነውና በሁለት ሳምንት ውስጥ መደቡን ሞልቶ ተንዠረገገ። ሾፌሩ በአጥር በኩል ያለፈውን ሁሉ «እዩልኝማ፣ በእኔ እጅ ነው የተተከለው» እያለ ያቆማል። ነርሷ አዲሱን የቆስጣና የካሮት ዘር ከቤቱ ጀርባ በድብቅ ዘርታለች። ግን ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ ውሃ የምታጠጣው የሾፌሩን መደብ ነው፤ መስመር በመስመር፣ አንድም ሳትዘል።

ረዳት አጥሩ ላይ ተቀምጣ ታያታለች።

«ወዮልሽ ብትነግሪው!» ትላታለች ነርሷ።