ለጠፋ ልጅ ይጨበጨባል

የባሕር ዳርቻዋን ከተማ ማር ዴል ፕላታን ለማየት አንድ ቀን ይበቃል የሚል ሰው፣ የሰማንያ አንድ ዓመት እናቱን ይዞ ሄዶ አያውቅም። ሚርታ ይህን የተረዳችው ገና አውቶቡሱ ሳይደርስ ነበር። ከሚኖሩበት ከታንዲል በሦስት ሰዓት መንገድ እናቷ ኤሊዳ «የት ነው የምንሄደው?» ብላ አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቀቻት። ሚርታም አሥራ አንድ ጊዜ «ባሕር ልናይ ነው፣ እማዬ» አለች፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጊዜ ጥርሷን ነክሳ።

የመጡበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ኤሊዳ የአረጋውያን መኖሪያ ትገባለች። ወረቀቱ ተፈርሟል፤ ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ሚርታ አራት ዓመት ሙሉ ብቻዋን አጥባታለች፣ አጉርሳታለች፣ በር ከፍታ ልትወጣ ስትል መልሳ አስተኝታታለች። አሁን አቅቷታል። አቅቶኛል ማለት ነውር አይደለም፤ የእናትን ዓይን እያዩ መናገር ግን ሌላ ነው። «ባሕሩ ዳር እነግራታለሁ» ብላ ለራሷ ቃል ገብታ ነው ያመጣቻት።

እንደ ጎብኚ ሁሉ መጀመሪያ ዳርቻው ላይ ካሉት ከድንጋይ የተቀረጹ የባሕር አንበሶች ሥር ፎቶ ለመነሳት ተሰለፉ። ኤሊዳ የአንዱን ሆድ እየደባበሰች «ይኼ ደግሞ ወፍሯል» አለች።

«ድንጋይ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ድንጋይም ይወፍራል። አባትሽን አላየሽም?»

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። ሚርታም ሳቀች፤ ልትናገር ያሰበችውም አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ከዚያ ብሪስቶል ወደሚባለው ዳርቻ ወረዱ። የጥር ዕረፍት ነውና ጠጠር መጣያ የለም። ጃንጥላ ከጃንጥላ ተጋጥሟል፤ ቹሮ የሚባለውን በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ የሚሸጠው ሰው ቅርጫቱን አናቱ ላይ አድርጎ በሰው እግር መሀል ይሹለከለካል። ሚርታ ሁለት ወንበር ዘረጋች፤ ከፔርሙዙ ሙቅ ውኃ ቀድታ ለእናቷ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ አጠጣቻት። «ከዚህ እንዳትነሺ» ብላ አስጠንቅቃ ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች። አፍታው ሃያ ደቂቃ ሆነ።

ስትነቃ የእናቷ ወንበር ባዶ ነው።

ክው አለች። ወደ ውኃው ሮጠች፣ ተመለሰች፣ ጃንጥላ ሥር እያጎነበሰች አየች። ቹሮ ሻጩን አስቁማ «ነጭ ባርኔጣ ያደረገች አሮጊት አላየህም?» አለችው።

«እትዬ፣ ነጭ ባርኔጣ ያላደረገች አሮጊት ካየሁ ነው የምነግርዎት» አላትና ፊቷን ሲያይ አፈረ። «እሺ፣ እፈልጋለሁ።»

ግማሽ ሰዓት ባዘነች። ከዚያ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተዘፈዘፈች። በዙሪያዋ ያ ሁሉ ሰው እየጮኸ እሷን ግን «የት ነው የምንሄደው?» ብሎ የሚጠይቃት አልነበረም። ዕረፍት ተሰማት። እናቷ ጠፍታ ዕረፍት! በራሷ አፈረች፤ ግን አልተነሳችም።

በዚህ መሀል ወደ ባሕሩ ከተዘረጋው ድልድይ በኩል ጭብጨባ ተሰማ። እዚያ አገር ልጅ ሲጠፋ ያገኘው ሰው ትከሻው ላይ አውጥቶ ማጨብጨብ ይጀምራል፤ በአጠገቡ ያለው ሁሉ ይቀበላል፤ ወላጅ በድምፁ እየተመራ እስኪመጣ አይቆምም። ሚርታ ራሷ በስድስት ዓመቷ እዚሁ ዳርቻ አንድ ጢማም ሰውዬ ትከሻ ላይ ወጥታ ተጨብጭቦላታል። እናቷ እያለከለከች ደርሳ መጀመሪያ በጥፊ አላሰቻት፣ ከዚያ ሳመቻት።

አሁን ግን የጠፋባት ልጅ አይደለም። «የማንም ይሁን» ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ጭብጨባው አልበረደም። ቹሮ ሻጩ ቅርጫቱን እንደያዘ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ ጉድ ነው! ያጨበጭባሉ፣ ትከሻ ላይ ግን ልጅ የለም። ያስጀመሩት አንዲት እማማ ናቸው፤ ባርኔጣቸው ነጭ ነው!»

ሚርታ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ኤሊዳ በሕዝቡ መሀል ቆማ፣ እጆቿን ከአናቷ በላይ ሰቅላ ታጨበጭባለች። ስንትና ስንት ሰው አንገቱን እያሰገገ፣ ልጁን በዓይኑ እየፈለገ አብሯት ያጨበጭባል። የዋናተኞች ጠባቂው ግራ ገብቶታል።

«እማማ፣ ልጁ የታለ?»

«ጠፍታለች አልኩህ እኮ! ስድስት ዓመቷ ነው።»

«የሚጨበጨበው እኮ ልጅ ሲገኝ ነው።»

«እስክትገኝ ታዲያ ቁጭ ልበል?»

በዚህ ቅጽበት ሚርታን አየቻት። ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላትን ሴት እንዴት እንዳወቀቻት እግዜር ይወቅ። ትከሻዋን በጥፊ አለቻት፤ ከዚያ ጉንጯን ይዛ ሳመቻት። «እንዳትርቂ አላልኩሽም?»

ጠባቂው ነገሩ ገባው። እጁን ከፍ አደረገ፤ ጭብጨባው ቆመ።

«ጭብጨባውን አልሰማሽም?» አለች ኤሊዳ።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዘገየሽ?»

ሚርታ ውሸት ፈልጋ አጣች። «ደክሞኝ ነበር፣ እማዬ።»

«እኔም ደክሞኛል። ልጅ ጠፍቶ ግን ይቀመጣል?»

ሚርታ የእናቷን መዳፎች ገልብጣ አየች። ቀልተው አብጠዋል። በሰው ፊት እንባዋ ወረደ፤ እዚያው እንደቆመች ቃሉ ወጣላት።

«እማዬ፣ ነገ ሌላ ቤት ነው የማደርስሽ። እዚያ ነው የምትኖሪው። እኔ አልቻልኩም።»

ኤሊዳ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ሚርታ «አልሰማችኝም፣ ወይም ረስታዋለች» ብላ አሰበች።

«አንቺም ትገቢያለሽ?»

«አልገባም። ግን እመጣለሁ።»

ኤሊዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በልጅነትሽ ያን ቀን የጠፋሽው እኮ ደክሞኝ እጅሽን ስለለቀቅኩ ነው» አለች። «ለአባትሽም አልነገርኩትም።»

ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሲወጡ ሚርታ ወንበሮቹንና የሁለቱንም ጫማ በአንድ እጇ ተሸከመች፤ በሌላው ያንን ያበጠ እጅ ያዘች። ገና ሁለተኛውን መንገድ ሳይሻገሩ ኤሊዳ «የት ነው የምንሄደው?» አለች።

«ወደ ቤት፣ እማዬ» አለች ሚርታ፤ በዚህኛው ጊዜ ጥርሷን አልነከሰችም።