የሐሙስ ወለል

የምሠራው ከኬፕታውን የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ የሆላንድ ሰፋሪዎች ሠርተውት አሁን ሙዚየም በሆነ አሮጌ የገበሬ ቤት ነው። ትኬት እቆርጣለሁ። ማድ ቤቱ በር ላይ «የመጀመሪያው ወለል፣ 1793» የሚል ሰሌዳ ነበር። ውሸት ነው። እንደ አክስት አንቲ የምንላቸው አሮጊት፣ በሙሉ ስማቸው ግሪታ ሴፕተምበር፣ ያንን ወለል ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ በእበት ሲለቀልቁት ኖረዋል። ተንበርክከው፣ በመዳፋቸው ግማሽ ክብ እየሠሩ፣ ከምድጃው እስከ በሩ ይወርዳሉ። ባለቤቶቹ እዚያ ይኖሩ በነበረበት ጊዜ ደግሞ እናታቸው ነበሩ የሚለቀልቁት።

አንድ ሐሙስ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ የኃላፊውን የአቶ ኔልን በር አንኳኩ።

«ሜኒር ኔል፣ ስሜ ሰሌዳው ላይ ይጻፍልኝ።»

«አንቲ ግሪታ፣ ሰው እኮ የሚመጣው አሮጌ ነገር ለማየት ነው።»

«እኔስ አሮጌ አይደለሁም? ወለሉ ግን ገና አልደረቀም። ሄደው ይንኩት!»

ሳቀ። መሳቁ እኔንም አናደደኝ።

«እንግዲያው የ1793ቱ ራሱን ይለቅልቅ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በሦስት ሳምንት ወለሉ ተሰነጣጠቀ። በአራተኛው ቁንጫ ገባበትና ለጉብኝት የመጡ ተማሪዎች ከነመምህራቸው እግራቸውን እያከኩ ወጡ። ኔል እኔን ለቅልቂ አለኝ። ትኬት ቆራጭ ነኝ አልኩት።

ቅዳሜ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ገዝቶ አንቲ ግሪታ ቤት ሄደ። ብቻውን ፈርቶ እኔንም አስከተለኝ። አንቲ ግሪታ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ሁልጊዜ እውነቱ ይጻፍ፣ የለቀለቀው ሰውና የለቀለቀበት ቀን። ኔል እሺ ብሎ የድሮውን ሰሌዳ አውርዶ ጥቁሩን ሰቀለ። ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ «ግሪታ ሴፕተምበር» ከሚለው ሥር ያለውን ቀን እያጠፋ አዲሱን ይጽፍ ነበር። እሳቸው ያላዩ መስለው ያልፋሉ፤ ግን ሁለት ጊዜ ነው የሚያልፉት።

በክረምቱ የጉልበታቸው ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። ሐሙስ ሲደርስ ኔል እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከ። ሲጨርስ ጠመኔውን ይዞ ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆመ። በመጨረሻ ስማቸውን አጠፋና የራሱን ጻፈ። ስምምነታቸው ይኸው ነበር፤ ቢሆንም አለቀስኩ።

እሁድ ልጠይቃቸው ሄድኩ።

«ዴዚሬ፣ ሰሌዳው ላይ የማን ስም ነው ያለው?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

ልዋሻቸው ዳድቶኝ ነበር።

«የኔል።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ተንበርክኮ ነው የሠራው?»

«ተንበርክኮ ነው።»

«እጁስ እንዴት ነው?»

«አንቲ፣ ወለሉ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«በይ እንግዲህ፣ ስሙ እዚያው ይቆይ» አሉ። «ኋላ የግሪታ ሥራ ነው እንዳይሉኝ።»